የአባቴን ባርኔጣ ነፋስ ይወስድባቸዋል

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ነው። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ያለ ባርኔጣ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ካናዳ ያለው ወንድሜ ሰፋ ያለ ክፈፍ ያለው ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ ላከላቸውና በጣም ወደዱት። ችግሩ ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ አቧራውን ይዞ ሲነሣ ባርኔጣው ከራሳቸው ላይ ብድግ ይላል። እሳቸው ደግሞ ይከተሉታል። በቀደም ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ሲሮጡ ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው። ውስጡ ሶፍት ጠቀጠቅሁበት፤ ግንባሬን ቆረቆረኝ አሉ። አገጭ ሥር የሚገባ ላስቲክ ሰፋሁበት፤ ‹ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?› ብለው በመቀስ ቆረጡት። ባርኔጣውን ልደብቅባቸው ወይስ ሌላ መላ አለሽ? — የአባቷ ልጅ»

የአባቷ ልጅ፣ እህቴ፣ እንኳን ባጃጁ ሳታቸው። ደብዳቤሽን ሳነብ ከባርኔጣው ይልቅ ያሳሰበኝ ሩጫቸው ነው፤ እመለስበታለሁ። ባርኔጣውን ግን እንዳትደብቂባቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ደስ ብሏቸው የሚለብሱትን ነገር ቢያጡ ያዝናሉ። አንቺንም ይቀየሙሻል። ደግሞ መላ አለው፤ ብዙ ወጪም የለበትም።

መጀመሪያ ላስቲኩን ለምን እንደቆረጡት እናስብ። ነገሩ ሰው ምን ይለኛል ብቻ አይመስለኝም። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ የድሬ አባቶች ሰላምታ የሚሰጡት ባርኔጣቸውን አንሥተው ነው። ከከዚራ እስከ ለገሃር በእግሩ የሚሄድ አዛውንት በየመንገዱ የሚያውቀው ሰው አያጣም። ለአንዱ ክፈፉን ነካ ያደርጋል። በዕድሜ ለሚበልጠው፣ ለቄስ፣ ለተከበረች ወይዘሮ ሙሉ በሙሉ ያወልቃል፣ ጎንበስም ይላል። አስከሬን ሲያልፍ ቆሞ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይይዛል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ሳያወልቅ አይሳለምም። አገጩ ሥር ላስቲክ የገባበት ሰው ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ያደርገዋል? ሰላም ለማለት መጀመሪያ ላስቲክ መፍታት ሊኖርበት ነው። አባባ የተቆጡት በዚህ ይመስለኛል፤ እውነታቸውንም ነው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ አንድ ነገር ስትሞክሪ መለኪያሽ ይህ ይሁን፦ አባባ በአንድ እጃቸው፣ ሳይታገሉ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው መልሰው መድፋት ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ እሱ መፍትሔ አይሆንም፤ ተይው።

ባርኔጣ ለድሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነው። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ መጣ፤ ባርኔጣውም አብሮ መጣ። ምድር ባቡር የሠራ ሰው ባርኔጣ ሲወድ በዚያ አገር ያደገ ስለሆነ ነው። ይህን የምልሽ አባትሽ ለምን እንደሚሟገቱሽ እንድትረጂላቸው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ባርኔጣን ራስ ላይ የሚያቆየው ገመድ ወይም ላስቲክ ሳይሆን ልኩ ነው። ልኩ የሆነ ባርኔጣ መካከለኛ ነፋስን ያለ ምንም ማሰሪያ ይቋቋማል። ሶፍት ጠቅጥቄ አየሁ ስትዪኝ ወዲያው የገባኝ ነገር አለ፤ ወንድምሽ የላከው ባርኔጣ ሰፍቷቸዋል። ከሩቅ አገር በግምት የተገዛ ባርኔጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ፀጉር ሲሳሳ ደግሞ የጭንቅላት ልክም ይቀንሳል፤ ድሮ ጎፈሬ በነበራቸው ጊዜ ልካቸው የነበረ ቁጥር ዛሬ ላይሆን ይችላል።

የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጊ። አባባን ወንበር ላይ አስቀምጪያቸውና ሜትሩን ግንባራቸው መሃል ላይ፣ ከጆሮ በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ፣ ከኋላ ወጣ ባለው የጭንቅላት አጥንት ላይ አዙሪው። አታጥብቂው፤ አታላዪውም። ባርኔጣው የሚያርፍበትን መስመር ነው የምትለኪው። 57 ሳንቲ ሜትር አገኘሽ እንበል። ከዚያ ባርኔጣውን ገልብጪና በውስጡ ዙሪያውን የተሰፋውን ቆዳ ተመልከቺ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ታትሟል። 57 እና 58 መካከለኛ ነው፤ ኤም ተብሎ ይጻፋል። 59 እና 60 ኤል ነው። የአሜሪካ ቁጥር ከሆነ ደግሞ 7 ከ1/8 ማለት 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ 7 ከ1/4 ወደ 58፣ 7 ከ1/2 ወደ 60 ይጠጋል። የአባባ ራስ 57፣ ባርኔጣው 60 ከሆነ ነፋሱ ላይ ምን ይፈረዳል?

እንግዲህ የምንሞላው ይህን ክፍተት ነው። ሶፍት የማይሆነው ስለሚጨማተር ነው። አንድ ቦታ ይጓጉላል፣ ሌላ ቦታ ባዶ ይቀራል፣ በላብ ይረጥባል፣ ይበጣጠሳል። የሚያስፈልግሽ ውፍረቱ እኩል የሆነ ስስ ስፖንጅ ነው። አቧራ እንዳይገባ በርና መስኮት ዳር ላይ የሚለጠፈው ጥቅል ስፖንጅ ለዚህ በጣም ይሆናል፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ጠይቂ። ካጣሽ ጫማ ሰፊ ጋ ሂጂ፣ ለጫማ ገበር የሚሆን ስስ ስፖንጅ አይጠፋውም። በጣት ስፋት ቁረጪው።

ከመሙላትሽ በፊት ግን በጋዜጣ ሞክሪ። አንድ ገጽ ጋዜጣ በቁመቱ ደጋግመሽ እጠፊና በጣት ስፋት ቀጭን ቀበቶ አድርጊው። አሁን የውስጡን ቆዳ በጣትሽ ወደ ውጭ ገልብጪ። ጥሩ ባርኔጣ ላይ ይህ ቆዳ የተሰፋው በታችኛው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ላይኛው ጠርዙ ክፍት ስለሆነ እንደ ኪስ ይከፈታል። ጋዜጣውን እዚያ ውስጥ፣ በቆዳውና በሱፉ መካከል፣ አስገቢና ቆዳውን መልሺ። አባባ ይሞክሩት። ወደ ታች ጎንበስ ይበሉ፣ ራሳቸውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያወዛውዙ። ባርኔጣው አብሯቸው ከተንቀሳቀሰና ግንባራቸውን ካልጨመቀ ልኩ ይህ ነው። ጋዜጣውን አውጥተሽ ውፍረቱን ስታዪ ምን ያህል ስፖንጅ እንደሚያስፈልግሽ ታውቂያለሽ። ጋዜጣውን ግን እንደ ዘላቂ ነገር እዚያው እንዳትተዪው፤ በድሬ ላብ አይከርምም፣ ቀለሙም ይለቃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ዙሪያውን ሙሉ ከገባ የባርኔጣውን ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሰዋል። ስፖንጁ ሲጫን ስለሚሳሳ ትንሽ ያንሳል። እንግዲህ ለ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አንድ ሙሉ ዙር፣ ከዚያ ከኋላና ከፊት ተጨማሪ ቁራጭ ይበቃል። የጎደለው የት እንደሆነ ለማወቅ ባርኔጣውን አድርገው ሳለ ጣትሽን በዙሪያው ስደጂ። የአንዳንዱ ሰው ጭንቅላት ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ይላል፤ የእሱ ክፍተት ከጆሮ በላይ ነው የሚገኘው። የሌላው ከኋላ ነው። ጣትሽ በቀላሉ የገባበት ቦታ ላይ ነው መሙላት ያለብሽ።

ስፖንጁ ሙጫ ያለው ከሆነ ወረቀቱን አትላጪው። በእኛ ሙቀት ሙጫው ላልቶ ቆዳውንም ሱፉንም ያበላሻል። ካስገባሽው በኋላ ቆዳው ራሱ ይይዘዋል። ይሸሻል ብለሽ ከፈራሽ በቀጭን መርፌ ከቆዳው ጋር ብቻ ሦስት አራት ቦታ ያዝ ያዝ አድርጊው። ሱፉን እንዳትወጊው፤ ክሩ ከውጭ ይታያል። በፍል ውኃ ነክሮ ማጥበብ የሚባል ምክርም ትሰሚ ይሆናል። እባክሽ አታድርጊው። ሱፉ ቅርጹን ያጣል፣ ቆዳውም ደርቆ ይሰነጠቃል። ለዚሁ ምክንያት ባርኔጣው ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር እንዳይውል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቆዳው ከኋላ በኩል ሲጋጠም ትንሽ የሪባን ቋጠሮ አለው። ያ ቋጠሮ የባርኔጣው ጀርባ ማለት ነው። ከውጭ ያለው ትልቁ የሪባን ቋጠሮ ደግሞ በወንድ ባርኔጣ ላይ በግራ በኩል ነው የሚውለው። አባባ ባርኔጣውን አዙረው ደፍተውት ከሆነ ቅርጹ ከጭንቅላታቸው ጋር አይገጥምም። ያኔ ምንም ብትሞዪበት አይረጋም። ነገ ጧት ሲወጡ በግራ ጆሮአቸው በኩል ቋጠሮውን ፈልጊ።

አደፋፉም ወሳኝ ነው። ክፈፉ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተገለበጠ ክፈፍ ነፋሱን ከሥር ተቀብሎ ባርኔጣውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ዝቅ ያለ ክፈፍ ላይ ግን ያው ነፋስ ከላይ አርፎ ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ አባባ ነፋስ ባለበት ቀን የፊቱን ክፈፍ ወደ ታች ሰበር ያድርጉት። ባርኔጣውን ከወትሮው ትንሽ ዝቅ አድርገው ግንባራቸው መሃል ላይ ያሳርፉት፣ ከዚያ ከኋላ በኩል ወደ ታች ይሳቡት። ጀርባው ካልወረደ ከኋላ የመጣ ነፋስ ይገባበታል። ሲያወልቁና ሲደፉ ደግሞ አናቱን ቆንጥረው ሳይሆን ክፈፉን ይዘው ይሁን። አናቱ እየተቆነጠረ የኖረ ባርኔጣ እጥፋቱ ላይ ይሳሳል፣ በኋላም ይቀደዳል። ኃይለኛ ነፋስ ድንገት ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው አገጫቸውን ዝቅ ያድርጉ። አንድ እጅ አናቱ ላይ ከተጫነ በቂ ነው። ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ድሬ ላይ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሣው ነፋስ ኃይለኛ ቢሆንም አይቆይም።

ልክ ተስተካከለ፣ አደፋፍ ተስተካከለ፣ ግን አሁንም ያስፈራል። እኔም እንዲህ ዓይነት ቀን አውቃለሁ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፣ ከለገሃር ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን የሚሰብር ዛፍ የለም። ለዚህ የምመክርሽን መላ የድሮ ሰዎች ያውቁታል። አገጭ ሥር የሚገባ ነገር የለውም።

በፈረንጆቹ 1920ዎቹና 1930ዎቹ ብዙ የወንድ ባርኔጣ ከፋብሪካ ሲወጣ በሪባኑ ዙሪያ ቀጭን ገመድ ይዞ ነበር የሚወጣው። የገመዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ነፋስ ሲነሣ ሰውየው ገመዱን ፈታ ያደርግና ቁልፏን በኮቱ ደረት ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ያስገባታል። ባርኔጣው ቢበር እንኳ ርቆ አይሄድም፤ ትከሻው ላይ ይወድቅለታል። ነፋስ ከሌለ ገመዱ ተመልሶ ሪባኑ ላይ ይጠቀለላል፣ ማንም አያየውም። የአባትሽን ባርኔጣ በደንብ እዪው። ከሪባኑ ጎን ትንሽ ቁልፍ ካለችበት የዚያ ልማድ ቅሪት ናት።

ይህን እቤት መሥራት ይቻላል። ግራጫ ቀጭን ላስቲክ ክር ግዢ፤ ከሪባኑ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ይሁን። አንዱን ጫፍ በግራ በኩል፣ ከሪባኑ ቋጠሮ ሥር፣ ከሪባኑ ጋር ስፊው። ሱፉን አትብሺው። በሌላው ጫፍ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቁልፍ አንጠልጥዪ። የኮቱ ቀዳዳም በግራ ደረት ላይ ስለሆነ ክሩ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ቀኝ እጃቸው ለሰላምታ ነፃ ነው። ርዝመቱን እንዲህ ለኪው፦ አባባ ኮታቸውን ይልበሱና ለታላቅ ሰው ሰላም እንደሚሉ አድርገው ባርኔጣውን ያንሡ። ከደረታቸው ቀዳዳ እስከ ባርኔጣው ሪባን ያለው ርቀት የክሩ ርዝመት ነው፣ ትንሽ ጨምሪበት። አሁን እንደ ልባቸው ያነሣሉ፣ ይደፋሉ፣ ደረታቸው ላይ ይይዛሉ። ማንንም ሰላም ሳይሉ አያልፉም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ እንዳትዘነጊው። ቁልፏን በክሩ ላይ ስታስሪ በአንድ ነጠላ ክር ብቻ ይሁን። ባርኔጣው በባጃጅ በር ወይም በሆነ ነገር ቢያዝ ክሩ ተበጥሶ ይለቃቸው እንጂ እሳቸውን ይዞ እንዳይጎትት። በአንገት ዙሪያ የሚዞር ምንም ነገር አይኑር። በሙቀቱ ኮት የማይለብሱ ከሆነ ቁልፏ በሸሚዛቸው ኪስ ቀዳዳ ወይም ከላይ በሁለተኛው የሸሚዝ ቀዳዳ ትገባለች።

መርፌ ካልለመድሽ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ሐረር የምትሄዱበት ጉዳይ ካለ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር አለ። ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲያሽከረክሩ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። እንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ቆመሽ ታሠሪያለሽ። ብቻ በመኪና ሳይሆን በእጅ እንዲሰፉልሽ ንገሪያቸው። አባባም አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው። ራሳቸው ቆመው ያሠሩትን ነገር አይቆርጡትም።

ስለ ባጃጅ ልንገርሽ። ባጃጅ ውስጥ ባርኔጣ አይደፋም፤ ጭን ላይ ይቀመጣል። ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስን ነፋስ የቻለ ባርኔጣ በ40 ኪሎ ሜትር በሚሮጥና ጎኑ ክፍት በሆነ ባጃጅ ላይ የአራት እጥፍ ግፊት ነው የሚያገኘው። ገመዱም ቢኖር እዚያ አይመከርም። ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡት በክፈፉ ሳይሆን ገልብጠው በአናቱ ይሁን፤ የክፈፉ ቅርጽ አይበላሽም። በሞተር ሳይክል ከሆነ ደግሞ ሄልሜት ነው እንጂ ባርኔጣ ብሎ ነገር የለም።

የላቡንም ነገር ልጨምር። ከላብና ከፀጉር ቅባት የተነሣ ቆዳው ሲያድጥ ባርኔጣው ይንሸራተታል፣ ልኩ ቢሆን እንኳ። በሳምንት አንድ ቀን የውስጡን ቆዳ ረጠብ ባለ ጨርቅ ጥረጊው። ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጠሽ ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ ተዪው። ያን ቀን ሌላ ባርኔጣ ይድፉ። ለበጋው ቀን ሰሌን ባርኔጣ ቢኖራቸው ራሳቸውም ይቀዘቅዝላቸዋል። እሱ ግን ቀላል ስለሆነ ከሱፉ የባሰ ይበራል፤ ስፖንጁም ገመዱም ለእሱም ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሩጫው። አቦ፣ እህቴ፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። የሚበር ነገር ሲያይ እጁን የማይዘረጋ ሰው የለም። አስበን አይደለም የምንሮጠው። ስለዚህ «አትሩጥ» የሚለው ቃል በዚያች ሰከንድ አይሠራም። የሚሠራው አስቀድሞ ባርኔጣው እንዳይርቅ ማድረግ ነው። የገመዱ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው፤ ባርኔጣው ትከሻ ላይ ከቀረ የሚያስሮጥ ነገር የለም።

እንዲያም ሆኖ አነጋግሪያቸው። ማታ ቡና ሲፈላ፣ ሰው በሌለበት ይሁን። አታስተምሪያቸው፤ እንደፈራሽ ብቻ ንገሪያቸው። «አባባ፣ የዚያን ቀን ባጃጁን ሳየው ነፍሴ ነው የወጣችው። ባርኔጣው ቢሄድ ወንድሜ ሌላ ይልካል። እርስዎ ቢጎዱብኝ ምን እሆናለሁ?» በዪ። አባት ከልጁ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ዝም ቢልም ልቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚያቸው፦ ባርኔጣው ከበረረ እዚያው ቆመው በዱላቸው ወይም በእጃቸው ያመልክቱ። የድሬ ልጅ ሮጦ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በሁለት እጁ ነው የሚያቀብላቸው። ይህን አንቺም እሳቸውም ታውቁታላችሁ።

የደቻቱን ነገር ደግሞ ለብቻው ንገሪያቸው። ባርኔጣው ከድልድዩ ሥር ባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ቢወድቅ በክረምት ወርዶ ማንሣት የሚባል ነገር አይኖርም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። የ1998ቱ ሌሊት ስንት ቤት እንዳጠፋ አባባ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ደረቅ መስሎ ስለታየ ብቻ ማንም አይውረድ።

ቁልቢ የመሄድ ልማድ ካላቸው ለታኅሣሥ 19 ካሁኑ አስቢበት። ደንገጎን ስትወጡ ጀምሮ አየሩ ይለወጣል፤ ላይ ስትደርሱ ብርዱም ነፋሱም የድሬን አይመስልም። በዚያ ሕዝብ መሃል የወደቀ ባርኔጣ ተረጋግጦ ነው የሚገኘው። ለቁልቢ እኔ የምመርጠው ባርኔጣው መኪናው ውስጥ እንዲቀርና አባባ ጆሮአቸውን የሚሸፍን የሹራብ ቆብ ይዘው ጋቢያቸውን ደርበው እንዲሄዱ ነው። ቅጥር ግቢው ውስጥ ራሳቸውን ገልጠው ነው የሚቆሙት፤ ቆቡ ኪስ ይገባል፣ ባርኔጣው ግን ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ይይዝባቸዋል። እምቢ ካሉ አትሟገቺ፣ ገመዱን አስረሽ ላኪያቸው።

ወንድምሽ ሌላ ሊልክ ካሰበ ከመግዛቱ በፊት የለካሽውን ቁጥር በሳንቲ ሜትር ጻፊለት። የክፈፉ ስፋት ከ6 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ በዪው፤ ጠበብ ያለ ክፈፍ ነፋስ አይሰበስብም፣ ለድሬ ፀሐይ ግን ፊትን ይጋርዳል። የውስጡ ቆዳ ወደ ውጭ የሚገለበጥ ይሁን። ቀለሙን አባባ ራሳቸው በስልክ ይንገሩት።